በግጥሙ ውስጥ «እኔ» የሚለው ማነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ነኝ። ለሥነ ጽሑፍ ክፍል ሦስት ግጥም ተሰጠን። የሮበርት ብራውኒንግ «ማይ ላስት ደቸስ»፣ የፐርሲ ሼሊ «ኦዚማንዲያስ» እና ኤሚሊ ዲኪንሰን ስለ ሞት የጻፈችው፣ ሠረገላ ያለበት። የእያንዳንዱን ጭብጥ፣ ተናጋሪና ዘይቤ አውጥታችሁ ጻፉ ተባልን። እኔ «ገጣሚው ሚስቱን አስገድሎ አይጸጸትም» ብዬ ጻፍኩ፤ መምህሯ በቀይ አሰመረችበት። «ጭብጡ ሞት ነው» ያልኩት ላይ «ይህ ርዕሰ ጉዳይ ነው» ብላ ጻፈች። ዘይቤዎቹን ደግሞ አንድም ሳላስቀር ለቅሜ አውጥቼ ግማሽ ነጥብ ብቻ ተሰጠኝ። አማርኛ ግጥም እወዳለሁ፤ እዚህ ግን ግራ ገባኝ። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሦስት ቦታ ነጥብ ብትጥዪም ምክንያቱ አንድ ነው። ማን እየተናገረ እንደሆነ ሳትለዪ ትርጉም ፍለጋ ገባሽ። የመልመጃ ወረቀት ላይ «ጭብጥ» ሁልጊዜ አንደኛ ይጻፋል፤ ዋናው እሱ ስለሆነ ነው። በንባብ ጊዜ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ ተናጋሪውን ፈልጊ። ከዚያ ተናጋሪው ነገሩን በምን በምን እንደሚመስለው እዪ። ጭብጡ ከእነዚህ ሁለቱ ይወጣል።

የግጥም ተናጋሪ ማለት ግጥሙ ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ነው። አንዳንዴ ገጣሚውን ይመስላል። አንዳንዴ ጭራሽ አይመስለውም። የአማርኛ ግጥም እወዳለሁ ካልሽ ይህን ነገር ሳታውቂው ታውቂዋለሽ። አዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ያቀብላል። አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። «ልቤ ተቃጠለ» ሲል የተቃጠለው የማን ልብ ነው? የእንግዳው ነው። ለቅሶ ቤትም አልቃሽ በሟች እናት አፍ ትገጥማለች፤ አንዳንዴም በሟቹ በራሱ አፍ። ማንም ተነስቶ «አንቺ መች ሞትሽ?» አይላትም። በእንግሊዝኛው ግጥምም ጆሮሽ እንዲሁ ይሁን።

ከተሰጡሽ ሦስት ገጣሚዎች አንዷ ይህንኑ በራሷ ቃል ብላዋለች። ኤሚሊ ዲኪንሰን በ1862 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ለጸሐፊው ለቶማስ ሂጊንሰን በላከችው ደብዳቤ፣ በግጥሞቼ ውስጥ «እኔ» ስል እኔን ማለቴ አይደለም፣ በሐሳብ የተፈጠረ ሰው ነው ብላለች። ወረቀትሽን ስታስተካክዪ ይህቺን ብትጠቅሺያት መምህርሽ ደስ ይላታል።

አሁን ወደ «ማይ ላስት ደቸስ» እንግባ። ረዘም አድርጌ የማወራሽ ስለዚህ ግጥም ነው፤ ተናጋሪን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ያለ አይመስለኝም።

ብራውኒንግ ግጥሙን ያሳተመው በ1842 ነው። ያኔ 30 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትም አልነበረችውም። ገጣሚዋን ኤልዛቤት ባሬትን ያገባው በ1846 ነው። ስለዚህ «ገጣሚው ሚስቱን አስገደለ» የሚለው ዓረፍተ ነገርሽ የከሰሰው ገና ያላገባን ሰው ነው።

ታዲያ ተናጋሪው ማነው? ከርዕሱ ሥር «ፌራራ» ተብሎ ተጽፏል። ፌራራ ሰሜን ጣሊያን ያለች ከተማ ናት፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኤስቴ ቤተሰብ መስፍኖች ይገዟት ነበር። ብራውኒንግ በሐሳቡ የነበረው መስፍን አልፎንሶ ሁለተኛ እንደሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ። አልፎንሶ የፍሎረንሱን ገዥ የኮሲሞ ዴ ሜዲቺን ልጅ ሉክሬዚያን አግብቶ ነበር። ልጅቱ በ1561 ገና በ16 ዓመቷ ሞተች። ተመርዛ ነው የሚል ወሬም ተነዛ። በ1565 ሌላ ሚስት አገባ። ታሪኩን ማወቅሽ አይጎዳም፤ ሳታውቂውም ግን ግጥሙ ይገባሻል። የሚያስፈልግሽ ሁሉ 56ቱ ስንኞች ውስጥ አለ።

ሦስት ነገር ጠይቂ። ማን ይናገራል? ለማን ይናገራል? ለምን ዛሬ ይናገራል? ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ብቻ መልሶ ያቆማል። ግጥሙ የሚፈታው ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው።

መስፍኑ አንድን እንግዳ ይዞ በቤተ መንግሥቱ ፎቅ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ያሳየዋል፤ የቀድሞ ሚስቱ ናት። ሥዕሉ መጋረጃ አለው፤ መጋረጃውን ከእሱ በቀር ማንም አይገልጠውም። እንግዳውን «ተቀመጥና እያት» ይለውና ስለ ጥፋቷ ያወራል። ጥፋቷ ምን ነበር? ፈገግታ። የፀሐይ መግቢያን እያየች ፈገግ ትላለች። አንዱ የቼሪ ዘለላ ቀጥፎ ሲያመጣላት ፈገግ ትላለች። በነጭ በቅሎዋ ስትንሸራሸር ፈገግ ትላለች። ባሏ ደረቷ ላይ ያደረገላትን ስጦታ ስታይም ያው ያንኑ ፈገግታ ነው የምትሰጠው። የ900 ዓመት ስም የሰጠኋትን እኔን ከማንም ጋር እኩል አደረገችኝ ነው የሚለው። ለምን አልመከራትም? መምከር ዝቅ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ለማንም ዝቅ አልልም ይላል። ከዚያ ያቺ አስፈሪ መስመር ትመጣለች፦ «ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ከዚያ ፈገግታው ሁሉ በአንዴ ቆመ።»

እንግዳው ማን እንደሆነ የምናውቀው ግጥሙ ሊያልቅ ሲል ነው። መስፍኑ «ጌታህ ኮንቱ ለጋስ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ከልጃቸው ጋር የሚሰጡኝን ሀብት አይነፍጉኝም» ይላል። ለካስ እንግዳው ለአዲስ ጋብቻ ጉዳይ የመጣ መልእክተኛ ነው፤ እንደ እኛ አነጋገር የልጅቱ ወገን ሽማግሌ ነው። አሁን ወደ ላይ ተመለሺና ግጥሙን እንደገና አንብቢው። መስፍኑ ስለ ሟች ሚስቱ እያወራ የነበረው ለምንድን ነው? ለምትመጣዋ ሚስት መልእክት እያስተላለፈ ነው። «እኔ ቤት እንዲህ ያለች ሴት ምን እንደሚገጥማት ሂደህ ንገር» ማለቱ ነው። ይህን ያየሽው «ለማን?» እና «ለምን ዛሬ?» ብለሽ ስለጠየቅሽ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? መስፍኑ እየተኩራራ ነው የሚመስለው፤ እኛ የምንሰማው ግን ኑዛዜ ነው። ተናጋሪው ከሚያውቀው በላይ አድማጩ የሚያውቅበት እንዲህ ያለው ምጸት የግጥሙ ሞተር ነው። ብራውኒንግ መስፍኑን አንድም ቦታ አይወቅሰውም። ዝም ብሎ ያናግረዋል።

አንዲት ጥንቃቄ ልጨምርልሽ። «አስገደለ» ብለሽ በእርግጠኝነት አትጻፊ። ብራውኒንግ ከብዙ ዓመት በኋላ ትእዛዙ ምን እንደነበር ሲጠየቅ፣ እንድትገደል ነው አለና ቀጠል አድርጎ ወይም ገዳም አስገብቷት ይሆናል ብሏል። ግጥሙ ራሱ አልተናገረውም። አንቺም «ከሕይወቱ እንድትወገድ አዟል፤ ሞቷ የታዘዘ ይመስላል» ብትዪ ትክክል ነሽ።

ወደ ዘይቤ እንምጣ። ግማሽ ነጥብ ያገኘሽበት ምክንያት ስሙን ጽፈሽ ሥራውን ስላልጻፍሽ ይመስለኛል። «ተነጻጻሪ ዘይቤ፦ በሕይወት ያለች ይመስል» ብሎ መጻፍ እቃውን መቁጠር ነው። ጥያቄው ይህ ንጽጽር እዚያ ቦታ ላይ ምን ይሠራል የሚል ነው።

እስቲ ይህንኑ ራሱን እንየው። «በሕይወት ያለች ይመስል» የሚለው ሐሳብ ግጥሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንዴ ሁለተኛው ስንኝ ላይ፤ ሁለተኛ ደግሞ «ፈገግታው ቆመ» ካለ በኋላ ወዲያው። መጀመሪያ ስናነበው የሠዓሊ ሙገሳ ነው፤ እንዴት አድርጎ ሣላት ያሰኛል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ምን እንደደረሰባት አውቀናል። ያው ቃል፣ ያው ድምፅ፤ ሰውነት ግን ይሰቀጥጣል። መስፍኑ አልተለወጠም፤ የተለወጥነው እኛ ነን። ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርገሽ ይህን ብትጽፊ ኖሮ ሙሉ ነጥብ ይገባሽ ነበር።

መጋረጃውም እንዲሁ ነው። በሕይወት ሳለች ፈገግታዋ ለሁሉም ነበር። አሁን መቼ እና ለማን እንደምትታይ የሚወስነው እሱ ነው። ሰው የነበረችው ንብረት ሆናለች። በመጨረሻ ደረጃውን ሲወርዱ ደግሞ መስፍኑ አንድ የነሐስ ሐውልት ያሳያል፤ የባሕር አምላኩ ኔፕቱን የባሕር ፈረስ ሲገራ። እዚህ ላይ ያደግሽበት ነገር ይጠቅምሻል፤ ሰምና ወርቅን ማለቴ ነው።

ይህችን የታወቀች የፍቅር ስንኝ አስታውሺ፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ

ሰሙ የአዳምና የመድኃኔ ዓለም ታሪክ ነው፤ አንዱ በላ፣ ሌላው ተሰቀለ። ወርቁ ከንፈሯና ልቡ ነው። «ተሰቀለ» ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ ይዟል። ፈረንጆቹ ተለዋጭ ዘይቤ ሲሉ የሚያወሩት በመሠረቱ ስለዚህ ነው፤ አንድን ነገር በሌላው አካል ማሳየት። ግን ሰሙንና ወርቁን ለይተሽ ካቆምሽ ገና ግማሽ ላይ ነሽ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፣ ናፍቆቱን በስቅለት የሚመዝን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል ነው። ደፋር ነው፤ መከራውን ወዶ የተቀበለ ነው፤ ጥፋቱንም በእሷ ከንፈር ያሳበበ ነው። አየሽ፣ ዘይቤው መልሶ ተናጋሪውን ያሳያል።

የኔፕቱንን ሐውልትም እንዲሁ ፍቺው። ሰሙ ነሐስ ነው፤ ወርቁ መስፍኑና ሚስቱ። ልዩነቱ አንድ ነው። የፍቅሩ ገጣሚ ወርቁን አውቆ ደብቆታል። መስፍኑ ግን ወርቁን አያውቀውም፤ ስለ ውድ ዕቃው ብቻ እያወራ ይመስለዋል። ወርቁን ያስቀመጠው ከኋላው ያለው ብራውኒንግ ነው።

የአማርኛ ጆሮ ቤት መምታት ይወዳልና ይህንንም ልንገርሽ። ግጥሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት ይመታል። ግን ዓረፍተ ነገሮቹ ስንኙን እየዘለሉ ወደሚቀጥለው ስለሚፈስሱ ድምፁ አይሰማም። ድምፅ አውጥተሽ ስታነቢ ስንኝ መጨረሻ ላይ አትቁሚ፤ ነጥብ ጋ ቁሚ። ያኔ ለስላሳ ጨዋታ የሚያወራ ሰው ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ ከሥሩ ግን ጥብቅ ሥርዓት አለ። መስፍኑ ራሱ እንደዚያ ነው። ይባስ ብሎ «እኔ ንግግር አልችልም» ይላል።

«ኦዚማንዲያስ» አጭር ነው፤ 14 ስንኝ። የታተመው በጥር 1818 ነው። ሼሊ ከወዳጁ ከሆራስ ስሚዝ ጋር በአንድ ርዕስ ላይ ተወዳድረው የጻፉት ነው። ኦዚማንዲያስ የግብፁ ንጉሥ የዳግማዊ ራምሴስ የግሪክ ስሙ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ተናጋሪ ብቻ አለ ብሎ ነው። ሦስት ናቸው። «እኔ» የሚለው ሰው አንድ ስንኝና ትንሽ ብቻ ይናገራል፤ ከጥንት አገር የመጣ መንገደኛ አገኘሁ ይልና ዝም ይላል። ቀሪውን የሚያወራው መንገደኛው ነው። በመንገደኛው ወሬ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የንጉሡ ቃል አለ። ሼሊ ራሱ ግብፅን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለ ሐውልቱና ስለ ጽሑፉ የጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ያወራው ነበር።

ይህ የድምፅ መደራረብ ለምን አስፈለገ? ንጉሡ «ሥራዬን ተመልከቱ፣ እናንተ ኃያላን፣ ተስፋም ቁረጡ!» ብሎ በቀጥታ ለዓለም እንዲናገር ነበር የፈለገው። እኛ ጋ የደረሰው ግን በሦስተኛ ሰው ወሬ ነው። ሥልጣኑ ወደ ወሬ ወርዷል። ከጽሑፉ ቀጥሎ መንገደኛው «ከዚህ ሌላ የቀረ ነገር የለም» ይላል። ያለው አሸዋ ብቻ ነው። ትእዛዙ እንዳለ ቆሞ ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ኃያላን በእውነት ተስፋ ይቁረጡ፣ የእነሱም መጨረሻ ይኸው ነውና። ምጸት ብለሽ የምትጽፊው ይህንን ነው።

ሁለት እግርና የተሰባበረ ፊት ቀርተዋል። ፊቱ ላይ ግን ንቀቱ፣ የቀዝቃዛ ትእዛዝ መልኩ አሁንም ይነበባል። ለምን? ቀራጩ ንጉሡን በደንብ ስላነበበው ነው። ከመንግሥቱ ምንም አልተረፈም፤ የተረፈው አንድ ስም የሌለው ሠራተኛ ያየው ነገር ነው። ብዙዎች ይህን ዘለው «ሥልጣን ያልፋል» ብለው ይጨርሳሉ። እኔን ግን ከግጥሙ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ቀራጭ ነው።

የዲኪንሰንን ግጥም ውሰጂ። ተናጋሪዋ ከሞተች ብዙ መቶ ዓመት ሆኗታል፤ የመጨረሻው አንጓ ላይ ራሷ ትናገራለች። ስለዚህ ዲኪንሰን አይደለችም። ሥራ በዝቶባት ለሞት መቆም አልቻለችም፤ እሱ ግን በደግነት ቆመላት። ይህ ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ሰው? በእኛ የለቅሶ ግጥም ሞት ይወቀሳል፤ ጨካኝ ነው፣ ቤት አፍራሽ ነው። እዚህ ግን ጨዋ ሰው ሆኗል፤ ሴትን በሠረገላ ሊያንሸራሽር የመጣ ትሑት ወንድ ይመስላል። አብራቸው «ዘላለማዊነት» ተቀምጣለች። አይቸኩሉም። የልጆች ትምህርት ቤት ያልፋሉ፣ የሚመለከታቸውን የእህል ማሳ ያልፋሉ፣ የምትጠልቀውን ፀሐይ ያልፋሉ። ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ማምሻ። አንድ ዕድሜ በመስኮት አለፈ።

ከዚያ ነገሩ ይለወጣል። «ወይም ይልቅ ፀሐይዋ ናት እኛን ያለፈችን» ትላለች። ጤዛው ይቀዘቅዛል፤ ልብሷ ስስ ነው። ጨዋው ሰው የት እየወሰዳት እንደሆነ አሁን ይሰማናል። የሚገርመው፣ ዲኪንሰን በ1886 ካረፈች በኋላ ግጥሙ በ1890 ሲታተም ይህን አንጓ አስወጥተውት ነበር። ያለ እሱ አንብቢው፤ ግጥሙ የሚያጽናና ብቻ ይሆናል። በእሱ ግን ማጽናናቱም ብርዱም አብረው ይኖራሉ። መምህርሽ የሰጠችሽ ቅጂ ስድስት አንጓ እንዳለው ቁጠሪ።

እንግዲህ ጭብጥ። «ሞት» ቃል ነው፤ «ስለ ምን?» ለሚለው መልስ ይሆናል። ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግጥሙ ስለዚያ ነገር ምን ይላል የሚለውን ይመልሳል። ዓረፍተ ነገርሽን እንዲህ ፈትኚው፦ ስለ ሞት በተጻፈ በየትኛውም ግጥም ላይ ቢለጠፍ የሚሄድ ከሆነ ገና አልደረስሽም። «ሞት አይቀርም» ለሁሉም ይሄዳል። «ሞት በዝግታና በጨዋነት ስለሚመጣ፣ ሰው ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው» ግን የዲኪንሰን ብቻ ነው። ለመስፍኑ ደግሞ «ሌላውን እንደ ንብረት የሚያይ ሰው፣ የሚያየው ነገር በሕይወት ከሚኖር ይልቅ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይመርጣል» ማለት ትችያለሽ። ሌላ ዓረፍተ ነገር ካወጣሽና ከስንኞቹ ማስረጃ ካቀረብሽለት እሱም ልክ ነው። ጭብጥ አንድ የተቆለፈ መልስ የለውም፤ ማስረጃ የሌለው ጭብጥ ግን ውሃ አያነሳም።

ወረቀቱን ስትመልሺ ከብራውኒንግ አትጀምሪ፤ ይረዝምብሻል። «ኦዚማንዲያስ»ን አትሚና ሦስት የተለያየ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ያዢ። የመጀመሪያውን ድምፅ በአንዱ፣ የመንገደኛውን በሌላው፣ የንጉሡን በሦስተኛው አስምሪ። የመጀመሪያው ቀለም ከላይ ትንሽ ታየና ይጠፋል፤ እስከ መጨረሻው አይመለስም። «አገኘሁ» ብሎ የጀመረው ሰው በሰማው ነገር ላይ አስተያየት ሳይሰጥ ለምን ዝም እንዳለ አንድ አንቀጽ ጻፊ። ጭብጡ ከዚያ አንቀጽ ውስጥ ይወጣልሻል።